ልጆቻችንና ብርዕ፦ ከጭረት እስከ ድርሰት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በግሽ ዓባይ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚያድግ ሙስሊም ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት አቅጣጫ ይጽፋል። ማለዳ ቁርኣን ቤት ሲሄድ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ አሊፍን ያቆማል፣ ባን ያጋድማል፣ ነጥቧን ከሥር ያኖራል። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ፊደል ይቆጥራል። ማታ ቤቱ ሲመለስ ግን ምን እንደ ጻፈ የሚጠይቀው ሰው ብዙውን ጊዜ የለም። አባት "የትኛው ሱራ ደረስህ?" ይላል፤ እናት "ስንተኛ ወጣህ?" ትላለች። ሁለቱም መልካም ጥያቄዎች ናቸው። "እስኪ ዛሬ የጻፍኸውን አሳየኝ" የሚለው ጥያቄ ግን ከብዙ ቤቶች ጠፍቷል።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ይህንኑ የጠፋ ጥያቄ ነው። የልጅ የመጻፍ ችሎታ እንዴት ያድጋል? በየትኛው ዕድሜ ምን ይጠበቃል? ወላጅ፣ ኡስታዝና መምህርስ ምን ምን ድርሻ አላቸው? እኛ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ተምረን ዛሬ በመምህርነት የምንሠራ በመሆናችን ነገሩን ከሁለቱም ወገን ለማየት እንሞክራለን።

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ወሬ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ሳቢያ ምዕራብ ጎጃምን ጨምሮ በብዙ ወረዳዎች የትምህርት ቤት በሮች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረው ልጅ ፊደል ሳይቆጥር 9 እና 10 ዓመት ሞላው። ሦስተኛ ክፍል የነበረችው ልጅ ደግሞ የጀመረችውን ረሳች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብርዑ የሚወድቀው በቤተሰብ እጅ ነው። ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ካላወቀ የልጁ እጅ ይዝጋል።

ኢስላምና ብርዕ

ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በሒራ ዋሻ መጀመሪያ የወረደው ወሕይ በማንበብ ትእዛዝ የሚከፈት፣ አላህም (ሱ.ወ) ሰውን በብርዕ ያስተማረ መሆኑን የሚገልጽ ነው። 68ኛው ሱራ ስሙ አል-ቀለም ሲሆን በመጀመሪያው አንቀጽ በብርዕ ይማላል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ተዋዋዮቹም ዕዳው ትንሽ ሆነ ትልቅ ከመጻፍ እንዳይሰለቹ ያዛል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ አጠገቡ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እንግዲህ መጻፍ በእኛ ዘንድ የሊቃውንት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የገበያ፣ የቤትና የኑዛዜ ጉዳይ ነው።

በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ የሆነውም ይታወቃል። ከምርኮኞቹ መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ግን መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች የመዲናን ልጆች መጻፍ ካስተማሩ ነጻ እንዲወጡ መደረጉ በሲራ መጻሕፍት ተዘግቧል። አስተማሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የልጆቹን ብርዕ ከወርቅና ከብር እኩል አድርገው ተቀበሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ገና ልጅ የነበረው ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) በእሳቸው ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተማረ፤ በኋላ በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርኣንን በአንድ ጥራዝ የመሰብሰብ ከባድ አደራ የተጣለውም በእሱ ላይ ነበር። ሁለተኛ ጽሕፈት መማሩ ከመጀመሪያው አላጎደለበትም።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የምእመናን እናት የሆኑትን ሐፍሷን (ረ.ዐ) መጻፍ ማስተማራቸው በአቡ ዳውድ ዘገባ ተገልጿል። የተሰበሰበው የቁርኣን ጥራዝ ከዑመር (ረ.ዐ) ሞት በኋላ በአደራ የተቀመጠው በእኚሁ በእናታችን ሐፍሷ ዘንድ ነበር። ሴት ልጁን "ከብት ትጠብቅ፣ ውሃ ትቅዳ" ብሎ ከብርዕ የሚያርቅ አባት ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው።

እጅ ከፊደል ይቀድማል

ብዙ ወላጆች መጻፍ የሚጀመረው ፊደል በመቁጠር ይመስላቸዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ልጅ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ከሰል ወይም እንጨት ካገኘ ግድግዳውንና አፈሩን መጫር ይጀምራል። ይህ ጭረት ለትልቅ ሰው ማበላሸት ቢመስልም ለልጁ የመጀመሪያው ብርዕ ነው፤ እጁ ሲንቀሳቀስ ምልክት ትቶ እንደሚያልፍ የተረዳበት ቀን ነው። በ3 ዓመቱ ገደማ ክብ ይሥላል፤ በ4 ዓመቱ መስቀለኛ መስመር፣ በ5 ዓመቱ አራት ማዕዘን ያወጣል፤ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ይዘገያል። የአማርኛና የዐረብኛ ፊደላትን ልብ ብለን ካየናቸው ከእነዚሁ ከክብ፣ ከቁም መስመር፣ ከአግዳሚና ከጎባጣ የተሠሩ ናቸው። ዐይንን ለመጻፍ፣ ዐ ን ለማክበብ፣ መ ን ለማገናኘት ልጁ አስቀድሞ በአፈር ላይ ተለማምዷል።

እጁም ቢሆን ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። የእጅ አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ እነዚህ ሁሉ ገና ለስላሳ ልምአጥንት ናቸው፤ አንድ በአንድ እየጠነከሩ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻው ከ8 ዓመት በኋላ ሊጠነክር ይችላል። ስለዚህ የ4 ዓመት ልጅ ብርዕን በጭብጡ ቢይዝ ስንፍና አይደለም፤ በሦስት ጣት መያዝ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው። በዚህ ዕድሜ ሙሉ ገጽ እንዲጽፍ ማስገደድ ያልደረሰን እሸት መወቃት ነው። ጣቱን የሚያጠነክረው ሌላ ነገር ነው፤ በጭቃ መጫወት፣ በቆሎ መፈልፈል፣ ሊጥ ማድቦልቦል፣ ገመድ መቋጠር። ለሸማኔ አባቱ ማግ የሚያጠነጥን ልጅ ሳያውቀው የጽሕፈት ልምምድ ላይ ነው።

ሐሳቡም ከፊደል ይቀድማል። ሉሪያ የተባለው የሩሲያ የሥነ ልቡና ምሁር በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መጻፍ ለማያውቁ ልጆች ብዙ ዐረፍተ ነገሮች ነግሮ እንዳይረሱ ወረቀት ላይ አንዳች ነገር እንዲያኖሩ ጠየቃቸው። ትንንሾቹ ዝም ብለው ጫሩ። አደግ ያሉት ግን ምልክታቸውን ከነገሩ ብዛት፣ መጠንና መልክ ጋር ማዛመድ ጀመሩ። ኤሚሊያ ፌሬይሮና አና ቴቤሮስኪ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ትንንሽ ልጆች ስለ ጽሕፈት የራሳቸው ግምት እንዳላቸው አሳዩ፤ ለምሳሌ ትልቅ ነገር ብዙ ፊደል፣ ትንሽ ነገር ጥቂት ፊደል የሚያስፈልገው ይመስላቸዋል። በእኛ ቋንቋ ብናየው "ላም" በ2 ፊደል ተጽፋ "ቢራቢሮ" 4 ፊደል መውሰዷ ለልጁ እንቆቅልሽ ነው። ጽሕፈት የሚከተለው የነገሩን መጠን ሳይሆን የስሙን ድምፅ መሆኑን የተረዳ ቀን ትልቁን ደጅ አለፈ ማለት ነው።

ሉህና ደብተር

በ6 እና በ7 ዓመት ልጁ ወደ ሁለቱ ሰሌዳዎች ይቀርባል። የቁርኣን ቤቱ ሰሌዳ ሉህ ነው፤ ከእንጨት የተጠረበ፣ በመቃ ብርዕና ከጥላሸት ከሙጫ ጋር ተበጥብጦ በተሠራ ቀለም የሚጻፍበት። ትምህርቱ በቃል ሲያዝ ሉሁ ይታጠባል፤ ሌላ ይጻፍበታል። ዛሬ በብዙ ቦታ የታተመ ቃዒዳና ደብተር ሉህን ተክተውታል። ሉህ ግን አንድ ጥበብ ነበረው፤ ልጁ ስሕተቱን አጥቦ እንደገና ይጀምራል። በደብተር ላይ ቀይ እስክሪብቶ የጫረችው ስሕተት ግን ዓመቱን ሙሉ ታየዋለች።

"ሁለት ጽሕፈት በአንድ ጊዜ ልጁን አያደናግረውም ወይ?" ብለው የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊደል ገልብጦ መጻፍ፣ ከተሳሳተው ጎን መጀመር ይታያል። ይህ እስከ 7 ዓመት ገደማ አንድ ጽሕፈት ብቻ በሚማሩ ልጆችም ዘንድ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ይረዳዳሉ። ባ፣ ታ እና ሣ አካላቸው አንድ ሆኖ በነጥብ ብቻ ይለያያሉ። ይህን በቁርኣን ቤት የተማረ ልጅ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ በራስጌያቸው ባለች ትንሽ ጭረት እንደሚለያዩ ለመረዳት አይቸገርም። "ነጥቧን አትርሳ" የሚለው የኡስታዙ ቃል ለፊደል መምህሩም ይሠራለታል።

ልዩነታቸውንም ማወቅ ያሻል። ዐረብኛ 28 ሐርፎች አሉት፤ በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ መልካቸው ይለዋወጣል፤ አጫጭር አናባቢዎች በፈትሐ፣ በከስራና በደማ ከላይና ከታች ይመጣሉ። የእኛ ፊደል አይቀጣጠልም፤ አናባቢው በፊደሉ አካል ላይ ነው። 33 ዋና ዋና ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ፣ ሣልሱ ከእግሩ ጭረት ይጨምራል፤ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። በመሆኑም ቸኩሎ የሚጽፍ ልጅ "ቤት" ሊል ፈልጎ "ቢት" ብሎ ይጽፋል። ሳድስና ሳብዕ ግን ሕጋቸው ስለማይጸና በቃል መያዝን ይጠይቃሉ፤ ልጆች የሚዘገዩትም በእነዚሁ ነው። ሌላው ደግሞ ማጥበቅና ማላላት ነው። በቁርኣን ሸዳ ድምፁ መጥበቁን ታሳያለች፤ በአማርኛ ግን ምልክት ስለሌለ "አለ" የሚለው ቃል "ተናገረ" ይሁን "ይገኛል" ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ይዞ መለየት አለበት። ማለትም ትርጉሙን ሳያስብ አማርኛን በትክክል ማንበብም መጻፍም አይችልም።

እጅ ሲፈታ

ከ8 እስከ 10 ባለው ዕድሜ የሚሆነው ነገር በዐይን አይታይም፤ ነገር ግን የወደፊቱን ይወስናል። ልጅ የፊደሉን መልክ እያሰበ በሚጽፍበት ጊዜ አእምሮው በፊደሉ ተይዟልና ለሐሳቡ ቦታ አይተርፈውም። "ገበሬ" ብሎ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ቆሞ የሚያስብ ልጅ ገበሬው ምን እንዳደረገ ሊጽፍ አይችልም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጽፍ ግን እጁ ይፈታል፤ ፊደሉ ሳይጠራ ይመጣል፤ አእምሮውም ለሐሳብ ነጻ ይሆናል። መኪና መንዳት የጀመረ ሰው ማርሹን እያየ መንገዱን እንደማያይ፣ የለመደ ግን እያወራ እንደሚነዳ ነው።

ይህ መፍታት ካልመጣ ምን እንደሚሆን አገራችን አይታዋለች። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች፣ ወደ 13,000 በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ያልቻለ እንዴት ይጽፋል? እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት የቀሩ አልነበሩም፤ በትምህርት ገበታ ላይ የነበሩ ናቸው። አንድ መምህር በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጣል፤ የእያንዳንዱን ደብተር ለማየት ጊዜ የለውም። የገለበጠ ሁሉ የጻፈ ይመስላል። መዘጋቱ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ገና ያልጠና ልማድ ለወራት ሲቋረጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋ ነውና።

ከመገልበጥ ወደ መድረስ

መገልበጥ፣ የቃል ጽሕፈትና ድርሰት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚገለብጥ ልጅ ዐይኑንና እጁን ይጠቀማል። የቃል ጽሕፈት የሚጽፍ ጆሮውን ይጨምራል። ድርሰት የሚጽፍ ግን ከራሱ ያወጣል። ልጅ ሁለቱን ችሎ ሦስተኛውን ላይችል ይችላል። የድርሰቱን እድገት ለማሳየት አንድ ነገር በሦስት ዕድሜ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ምሳሌ እናቅርብ።

የ8 ዓመት ልጅ፦ "ከአባቴ ጋር ቡሬ ሄድን። ገበያ አለ። በርበሬ አለ። መጣን።"

የ11 ዓመት ልጅ፦ "በገበያ ቀን ከአባቴ ጋር ቡሬ ሄድን። በርበሬው ብዙ ስለነበረ ዋጋው ወርዶ ነበር። አባቴ ግማሹን ሸጦ ግማሹን መልሶ አመጣው።"

የ14 ዓመት ልጅ፦ "በርበሬ በሚሰበሰብበት ወር ሁሉም ገበሬ አንድ ላይ ስለሚሸጥ ዋጋ ይወርዳል። ማቆየት የሚችል ያተርፋል። ዕዳ ያለበት ግን መጠበቅ ስለማይችል በርካሽ ይሰጣል። ስለዚህ ድሃው ሁለት ጊዜ ይከስራል።"

የመጀመሪያው ያየውን ይቆጥራል። ሁለተኛው ምክንያትና ቅደም ተከተል ያውቃል። ሦስተኛው በመጻፍ ያስባል። ቤራይተርና ስካርዳማሊያ የተባሉት የካናዳ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ልዩነት የሚያውቁትን ነገር ዝም ብሎ መዘርዘርና የሚያውቁትን ነገር በጽሕፈት መለወጥ ብለው ይከፍሉታል። ሁለተኛው ከዕድሜ ጋር በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ካልተሠራበት ሰው ሸምግሎም በመጀመሪያው ላይ ይቀራል።

ለእኛ ልጆች እጅግ የሚጠቅመው ጥናት ግን ከላይቤሪያ የመጣው ነው። በዚያ አገር ቫይ የሚባሉ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ሕዝቦች አሉ። እንደ እኛ ፊደል አንድ ምልክት አንድ ቀለም የሚወክልበት የራሳቸው ጽሕፈት አላቸው፤ ዐረብኛን በቁርኣን ቤት፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ይማራሉ። ስክሪብነርና ኮል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናታቸው እያንዳንዱ ጽሕፈት የየራሱን ጥቅም እንደሚሰጥ አገኙ። ቁርኣን የቀሩት ነገርን በቅደም ተከተል እየጨመሩ በቃል በመያዝ በልጠዋል። ትምህርት ቤት የተማሩት ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ በቃል በማብራራት በልጠዋል። በቫይ ጽሕፈት ደብዳቤ መጻፍ የለመዱት ደግሞ አንድን ጨዋታ ለማያውቀውና በቦታው ለሌለ ሰው አሟልተው በማስረዳት የተሻሉ ሆኑ። ደብዳቤ ጸሐፊ አንባቢው ፊቱ ስለሌለ የጎደለውን ሁሉ መሙላት ይለምዳልና።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልጃችን ቁርኣን መሐፈዙ ትልቅ ሀብት ነው፤ ይህ ሀብት ግን ድርሰትን በራሱ አይወልድም። ትምህርት ቤት መግባቱም እንዲሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ነው፤ ተማሪው ፊደል ይመርጣል እንጂ አንቀጽ አይጽፍም። የማይፈተን ነገር ደግሞ በብዙ ክፍሎች አይሠራም። በመሆኑም በሁለቱም በኩል አልፎ፣ በአንዱም በኩል አንድ ገጽ ሐሳቡን ሳይጽፍ ልጅ ሊያድግ ይችላል።

ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። ኢብን ኸልዱን (1332-1406 እ.ኤ.አ.) በሙቀዲማቸው የየአገሩን የልጆች አስተማር አነጻጽረዋል። የመግሪብ ሰዎች ልጆችን በቁርኣን ብቻ ሲወስኑ፣ የአንደሉስ ሰዎች ግን ከቁርኣን ጋር ግጥምን፣ የዐረብኛን ሥርዓትና የእጅ ጽሕፈትን ያስተምሩ ነበር፤ በመሆኑም የአንደሉስ ልጆች በአነጋገርና በጽሕፈት እንደበለጡ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ቁርኣንን ማስቀደም በረካ እንዳለውና ልጁን ታዛዥ በሆነበት ዕድሜ በመልካም ነገር ላይ እንደሚያጸናው አልዘነጉም። ቁርኣኑን መቀነስ ሳይሆን ከእሱ ጋር መጨመር ነው የሚያስፈልገው።

የአገራችን ዑለማኦችም በተግባር አሳይተውናል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት የወሎው ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ሐርፍ፣ ማለትም በዐጀሚ፣ ጽፈው ለሕዝቡ በራሱ ቋንቋ አስተምረዋል። ዐረብኛ ለሌለው የአማርኛ ድምፅ ነጥብ እየጨመሩ መጻፍ ራሱ ጽሕፈትን ከመገልበጥ በላይ ማወቅን ይጠይቃል። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሸይኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ቁርኣንን ወደ አማርኛ ተርጉመው በ1961 ዓ.ም. ሲታተም ሁለቱ ብርዖች በአንድ እጅ ተገናኙ። እንዲህ ዓይነት ሰው የሚወጣው በሁለቱም ጽሕፈት ሐሳቡን መግለጽ ከሚችል ልጅ ነው።

ከቤት ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ከትምህርት ቤት በፊት ልጁን አናጣድፈው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አፈር፣ ከሰል፣ ጭቃና ተረት ይበቃዋል። ብዙ የሚነገረው ልጅ ብዙ የሚጽፈው ይኖረዋል። ስሙን መጻፍ ከፈለገ ግን እንርዳው፤ ለልጅ ከስሙ የበለጠ ውድ ቃል የለም።

ሁለተኛ፣ ከ7 ዓመት ጀምሮ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጻፍ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመጻፍ በየቀኑ ጥቂት መጻፍ ይሻላል። ከመግሪብ በኋላ፣ ዒሻ እስኪደርስ ያለው ሰዓት ለብዙ ቤተሰብ ይመቻል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከሆነ ይህች ሩብ ሰዓት እጁን ከመዛግ ትጠብቀዋለች። ደብተር ካልተገኘ ሉህ ጠርቦ፣ ጥላሸት በጥብጦ መጠቀም አባቶቻችን የኖሩበት ነው።

ሦስተኛ፣ መጻፉ ለእውነተኛ ጉዳይ ይሁን። ነጋዴ የሆነ አባት የዱቤ ደብተሩን ልጁ እንዲጽፍ ያድርግ፤ ማን፣ ምን ያህል፣ መቼ እንደወሰደና መቼ እንደሚመልስ። ልጁ በአንድ በኩል ጽሕፈት፣ በሌላ በኩል የቁርኣንን ትእዛዝ ይማራል። እናት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ የምትልከውን መልእክት ልጅቷ ትጻፍላት፤ "አጎትሽ እዚህ የለም፤ እንዲገባው አድርገሽ ጻፊ" ትበላት። ስልክ ቢኖርም ደብዳቤ አይቅር።

አራተኛ፣ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ የሐፈዘውን አጭር ሱራ መልእክት ከኡስታዙ ጠይቆ በአማርኛ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ትርጉም ልስጥ ሳይሆን "ዛሬ ከኡስታዜ የተማርሁት" ይበል፤ ኡስታዙም ይመልከትለት። በዚህ ብቻ ቁርኣን ቤቱና ትምህርት ቤቱ ይገናኛሉ።

አምስተኛ፣ እርማት በልክ ይሁን። የ8 ዓመት ልጅ በጻፈው ገጽ 20 ስሕተት ቢኖር ሁሉንም ብናሰምርበት የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጻፍ እንደሚያስቀጣ። ሁለቱን መርጠን እናርም፤ ግን መጀመሪያ ስለ ሐሳቡ እንናገር፤ "በሬው ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ?" ብለን እንጠይቅ። በሐሳቡ የተደነቀ ልጅ ፊደሉን ለማቅናት ራሱ ይመለሳል። ኢብን ኸልዱንም በተማሪ ላይ ጭካኔ ማብዛት ልጁን ወደ ስንፍና፣ ወደ ውሸትና ወደ ማስመሰል እንደሚገፋው ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት አስጠንቅቀዋል።

ስድስተኛ፣ ግራኝ ልጅ አይደብደብ። በቀኝ መብላትና መጠጣት የተደነገገ ሥርዓት ነው፤ ልጁን በእሱ እናሳድገው። በመጻፍ ረገድ ያለውን ብይን ዑለማኦችን መጠየቅ ይገባል። እኛ በመምህርነታችን የምንለው ግን አንድ ነው፤ እጁ በዱላ የተመለሰ ልጅ እጁ ብቻ ሳይሆን ልቡም ከጽሕፈት ይሸሻል።

ሰባተኛ፣ መጻፍ የማይችሉ ወላጆች "እኛ ምን እንረዳለን?" አይበሉ። "አንብብልኝ" ማለት ይችላሉ። ልጅ ለሚሰማው ሰው ይጽፋል። ፊደል የማያውቁ እናት ልጃቸው የጻፈውን አዳምጠው "ይህች ነገር አልገባችኝም፤ እስኪ እንደገና" ካሉት ከብዙ መምህር የበለጠ አስተምረውታል።

አደራው

ይህ ሁሉ ለምንድን ነው? አንዳንዱ "ልጄ ጸሐፊ እንዲሆን አልፈልግም" ይል ይሆናል። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም የሚኖር አንድ ሙስሊም በሕይወቱ ሊጽፈው የሚገባውን እንቁጠር፤ የዕዳ ውል፣ የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ፣ የኒካሕ ስምምነት፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ፣ ኑዛዜ። እነዚህን መጻፍ የማይችል ሰው ጉዳዩን ለሌላ እጅ አሳልፎ ይሰጣል፤ የተጻፈው ያሰበው ይሁን አይሁን ሳያውቅ ይፈርማል። ሐሳቡን መጻፍ የሚችል ልጅ ግን በየደረሰበት የራሱ ምስክር ነው።

የተዘጋ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ይከፈታል፤ ኢንሻአላህ። ያን ቀን ልጁ የሚገባው በተፈታ እጅ ወይም በዛገ እጅ ነው። ይህን የሚወስነው በመግሪብና በዒሻ መካከል ባለችው ሩብ ሰዓት ውስጥ በየቤታችን የምናደርገው ነው። አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የሚያነቡ፣ የሚጽፉና በጻፉት የሚሠሩ ያድርግልን፤ ለአገራችንም ሰላምን ያውርድልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።